የኪቦርዳችን ቋንቋ ለምን ተቆለፈ?

ለመሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የተቆለፈብን የኪቦርድ ቋንቋ ምርጫ እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊና ባለሙያዎች፣

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በከሚሴ ቅርንጫፎች በጸሐፊነትና በመረጃ አስገቢነት የምንሠራ ሠራተኞች ነን። ይህን ጉዳይ በቅርንጫፍ ኃላፊዎቻችን በኩል ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አቅርበን ነበር። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘንም። ለሁለተኛው «በሂደት ላይ ነው» ተብሎ በቃል ተነገረን። ሂደቱ የት እንደ ደረሰ የሚነግረን ጠፋ። ባለጉዳዩም መስኮታችን ፊት ቆሞ የሚጉላላው በምን ምክንያት እንደሆነ ማወቅ ስላለበት፣ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቀስንም። ልናሳጣው አልተነሳንም፤ የሚመለከተው ሲያነበው ያውቀዋል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። ባለፈው ክረምት አንድ ሰርኩላር ወጣ። የቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች በሙሉ ለደኅንነት ሲባል ፎርማት እንዲደረጉ፣ ሠራተኛው ምንም ዓይነት ፕሮግራም እንዳይጭን፣ የቋንቋና የኪቦርድ ማስተካከያውም በአድሚን ፓስወርድ እንዲዘጋ የሚያዝ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሲመለሱልን ያገኘነው ሁለት ኪቦርድ ብቻ ነው፦ እንግሊዝኛና ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አማርኛ። ለዓመታት የለመድናቸው የአማርኛ መጻፊያዎች ጠፍተዋል። ዐረብኛው ጠፍቷል። ግራውን ኦልት ከሺፍት ጋር ተጭነን ቋንቋ የምንቀይርበት መንገድ እንዳይሠራ ተደርጓል፤ የዊንዶውስ ቁልፍ አቋራጮችም ስለተዘጉ ቁልፉን ከስፔስ ጋር መጫኑም አይሰማም። አሁን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመሄድ ማውስ ይዞ ወደ ማሳያው ታችኛ ጥግ መውረድ፣ ምልክቷን መጫን፣ ከዝርዝሩ መምረጥ፣ ከዚያ ተመልሶ ጽሑፉ ውስጥ ጠቋሚውን ማስቀመጥ የግድ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው በአንድ ቋንቋ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ነው። በእኛ ሥራ አንድ ደብዳቤ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በዚያው ሲያልቅ ብርቅ ነው። ከሚሴ ያለችው ባልደረባችን ለዞኑ የምትጽፈው በኦሮምኛ ነው፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ነውና። የባለጉዳዩ ስም ግን መታወቂያው ላይ በአማርኛ ስላለ በግዕዝ ፊደል ታስገባለች፤ የመዝገብ መለያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ግልባጩ ወደ ደሴ የሚላከው በአማርኛ ነው። ባቲ ላይ የሰኞ ገበያ ዕለት የሚሰለፈው ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ እያማረጠ ነው የሚያናግረን። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን የሥራ ውልና ልዩ ልዩ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ የአሠሪውን ስም ወረቀቱ ላይ እንዳለው በዐረብኛ መልሰን መጻፍ አለብን። አንድ ቀን ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ስንት ጊዜ ቋንቋ እንደቀየርን ቆጠርን። ሠላሳን ስናልፍ ተውነው።

ወሎ ፊደል ማቀያየር ድሮም አይከብደውም። አማርኛውን በዐረብ ፊደል በአጀሚ እየጻፉ መንዙማውን ያቆዩልን ሊቃውንት አገር ነው። እነሱ ቀለምና ብዕር እንጂ የአድሚን ፈቃድ አላስፈለጋቸውም።

ደሴ ቅርንጫፍ ከሁላችን ቀድመው የተቀጠሩ አንዲት እናት አሉን፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ሥራ የጀመሩት በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነው። በዚያ ዘመን ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት መኪና ነበረ፣ አንዱ የአማርኛ አንዱ የእንግሊዝኛ። ሰርኩላሩ የመጣ ሰሞን እንዲህ አሉን፦ «ያን ጊዜ ቋንቋ መቀየር ማለት ወንበር ማዞር ነበር። አሁን ወንበሩን በምስማር መቱት።»

ቅሬታችንን በየጉዳዩ እናቅርብ።

የመጀመሪያው የእጃችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል መደበኛዎቹን 33 ብቻ ብንወስድ እንኳ በሰባት ሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ሳይቆጠሩ። ጠረጴዛችን ላይ ያለው ኪቦርድ ደግሞ የተሠራው ለ26 የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ ቁልፎቹ ላይ የታተመውም የእንግሊዝኛው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን የአማርኛ ፊደል ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ፣ አንዳንዴም ከሺፍት ጋር እንመታለን። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመታ የሚያውቀው ጣት ነው። ጣት ደግሞ የሚያውቀው የተማረበትን አቀማመጥ ነው። ግማሻችን ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው ያደግነው፤ ከእኛ የሚያንሱት ኪይማን በሚባለው ሌላ መጻፊያ ወይም በስልክ። የዊንዶውሱ አማርኛ ከእነዚህ የተለየ አቀማመጥ አለው። መጥፎ ነው አላልንም። ነገር ግን በአንድ ጀንበር ሲተካ የአቀማመጥ ሠንጠረዥ የያዘች አንዲት ወረቀት እንኳ አልተሰጠችንም፤ የግማሽ ቀን ሥልጠናም አልነበረም። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እንደ ጀማሪ በአንድ ጣት እየፈለጉ ይለቅማሉ።

ከዚህ የተወለደው ችግር ግን ከመዘግየት የከፋ ነው፤ የሰው ስም ተበላሸ። በወሎ ስም ላይ «ሐ» ጌጥ አይደለችም። ሐሰን፣ ሐዋ፣ ዘሐራ፣ ሙሐመድ፣ አሕመድ የሚሉትን ስሞች ባለቤቶቻቸው እንዴት እንደሚጽፏቸው መታወቂያቸው ላይ አለ። አዲሱ ኪቦርድ ላይ «ሐ» እና «ኀ» የት እንዳሉ፣ «ሠ» እና «ዐ» በምን እንደሚመቱ ያላወቀ ሰው ወረፋ ሲያስጨንቀው የሚያገኘውን «ሀ» እና «ሰ» እየመታ ያልፋል። በንባብ ለውጥ የለውም። ለኮምፒውተር ግን «ሐሰን» እና «ሀሰን» እንደ «ከበደ» እና «አበበ» የተለያዩ ሁለት ስሞች ናቸው። አንድ አባት ከሐይቅ ገጠር በእግራቸው መጥተው ፋይላቸው የለም ተባሉ። ሦስት ቀን ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን አንዷ ባልደረባችን ስማቸውን በአራት ዓይነት አጻጻፍ ፈልጋ በአራተኛው አገኘችው፦ ሙሐመድ ሳይሆን «ሙሃመድ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። ያስገባው ሰው የእኛው ባልደረባ ነው፤ ጥፋቱን አንክድም። ፊደሉን መምታት ሲያቅተው ማንን ይጠይቅ?

እግረ መንገዳችንን፣ የመፈለጊያ ፕሮግራሙ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ኪቦርድ እንኳ መክፈት አያስፈልግም። ማንም አስቦበት አያውቅም።

ሁለተኛው የኦሮምኛው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይበቃዋል» ይላል፤ ከእናንተ ዘንድ በስልክ የተሰጠን መልስም ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ልንከራከር እንፈልጋለን። ቋንቋ አንድ ነገር ነው፣ የቁልፍ አቀማመጥ ሌላ ነገር። ዊንዶውስ ሁለቱን አጣምሮ ነው የሚይዘው፦ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ስትመርጥለት የምትጽፈው ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያምናል፤ ወርድም ይከተለዋል። ስለዚህ ከሚሴ ላይ የሚጻፍ እያንዳንዱ የኦሮምኛ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በቀይ መስመር ይሰመርበታል። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አንነግርም። የፊደል ግድፈት ቢኖርም በቀይ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ አይታይም። አንዳንዱንም ቃል አራሚው ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ቃል ይቀይረዋል፤ ያልተጠረጠረ ደብዳቤ እንደዚያው ፊርማና ማኅተም አርፎበት ይወጣል።

ከሁሉ የባሰችው ግን ሁድሃ ናት። ቁቤ ውስጥ በቃል መካከል የምትገባዋ ጭረት የፊደል ያህል ሥራ አላት፤ እሷ ከሌለች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ወርድ የእንግሊዝኛ ጥቅስ መስላው ቀጥ ያለችውን ጭረት ቆልምሞ በተጠማዘዘች ይተካታል። የመረጃ ማስገቢያው ቅጽ ላይ ግን ቀጥ ያለችው እንዳለች ትቀመጣለች። ውጤቱ፦ ከደብዳቤው ላይ ተገልብጦ ዝርዝሩ ውስጥ የተለጠፈ ስምና በቀጥታ የተመታ ስም በዓይን አንድ ሲሆኑ በፍለጋ አይገናኙም። አንዲት የከሚሴ እናት በዚህች ጭረት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል። «ሁለት ፋይል ከፍተዋል» ተብለው እንደ አጭበርባሪ ተጠየቁ። ይህ በሰው ክብር ላይ የደረሰ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብንታገስ ይህን አንታገስም።

ማስተካከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለኦሮምኛው ሰነድ የእንግሊዝኛውን ማረሚያ ማጥፋት፣ ጥቅስ የሚቆለምመውንም ምርጫ ማንሳት ነው። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ከሚሴ ያለችው ባልደረባችን ራሷ አስተካክላው ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሲጫን የእሷም ማስተካከያ አብሮ ጠፋ፣ አዲሱ ደግሞ እንዳትነካው ተቆልፏል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማንኛውም የኢትዮጵያ ቋንቋ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳለው ይደነግጋል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ቀይ መስመሩ ይህን ያነበበ አይመስልም።

ሦስተኛው የፓስወርድ ጉዳይ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ለምሳ ወጥተን ስንመለስ ማሳያው ተቆልፎ ይጠብቀናል። ፓስወርዳችንን እንመታለን። የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ በአማርኛ እየመታን መሆናችንን አናውቅም። «ስህተት» ይለናል። ደግመን እንመታለን፣ ቀስ ብለን እንመታለን፣ በአምስተኛው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የተዘጋ ስም የሚከፈተው ደግሞ ከደሴ ብቻ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ከሚሴ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ በዚህ ምክንያት ቆሟል። ከገጠር የመጣ ሰው ተመልሶ ሄዷል፤ ለመጓጓዣ ያወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚመልስለት እኛ አልጠየቅንም፣ እሱ ግን ጠይቆናል። የመግቢያው ገጽ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንዲከፈት ማድረግ እንደሚቻል ታውቃላችሁ፤ የቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ለመግቢያ ገጹና ለአዳዲስ ተጠቃሚዎች የሚገለበጥበት ቦታ አለ። ጥያቄያችን ለምን አልተደረገም ነው።

አራተኛው የፎንት ነው፤ አጭር ነው፣ ግን መዝገብ ቤቱን አስለቅሷል። ቅጾቻችን በሙሉ የተዘጋጁት ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። በዊንዶውስ 10 ኒያላ አብሮ አይጫንም፤ እንደ ተጨማሪ በምርጫ የሚወርድ ነው። ስላልወረደ ኮምፒውተሩ በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለይ አንድ ገጽ የነበረው ቅጽ ሁለት ገጽ ይሆናል። ኃላፊው የሚፈርሙበት መስመር ብቻውን ሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ይቀመጣል። ባዶ ወረቀት ላይ ያለ ፊርማ ደግሞ መዝገብ ቤት አይቀበልም፤ አለመቀበሉም ልክ ነው። በየቅርንጫፉ አንድ ሰው ለአሥር ደቂቃ የአድሚን ፓስወርድ ቢሰጠው ያለቀ ጉዳይ ነበር።

አምስተኛው የድሮ ሰነዶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ከዩኒኮድ፣ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች አሉን። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀመጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የላቲን ፊደልና የምልክት ቁርጥራጭ ነው። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው 3.0 ነው፤ አገራችን መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እስኪገባ ደግሞ ዓመታት ፈጅቷል። ፎርማት ሲደረግ ፎንቶቹ አብረው ተጠረጉ። አሁን የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ ስንከፍት የምናየው የአይጥ ዱካ ነው። «እንደገና ጻፉት» ተባልን። ምን ብለን እንጻፈው? ማንበብ አልቻልንም። ፎንቶቹን መልሶ ጭኖ ማንበብና በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማሻገር የሚቻል ነገር ነው፤ የሰው ጣት የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም።

ስለ ዐረብኛው ብዙ አንልም። ኪቦርዱ ሳይኖር አንድ የዐረብኛ ስም ለማስገባት ምልክት ማስገቢያ ሰንጠረዥ ከፍተን ፊደል በፊደል እንለቅማለን። ኪቦርዱ በነበረ ጊዜም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ኮንትሮልን ከቀኙ ሺፍት ጋር ሳያውቁት የነኩ እንደሆነ አንቀጹ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፣ ነጥቡም መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ኮንትሮልን ከግራው ሺፍት ጋር ሲነኩት ይመለሳል። ይህን የተማርነው ከሥልጠና አይደለም፤ አንድ የሸዋ በር ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው ያሳየን። ለልጁ ምስጋና ይግባው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰርኩላሩ የወጣው ለደኅንነት ነው ተብሏል። እውነቱን እንናገር፣ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ፓወር ግዕዝን ብዙዎቻችን የጫንነው ሳንገዛ፣ ከጓደኛ ፍላሽ ነው። ከፍላሹ ጋር ቫይረስ መጥቶ ያውቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ወር ሪፖርት በዚያ ምክንያት ጠፍቷል። ያ እንዳይደገም መፈለጋችሁ ተገቢ ነው፤ የዚያን ጊዜ ጥፋተኛ ባልደረባችንም ዛሬ ከደብዳቤው ፈራሚዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ቁልፉ የተቆለፈው በማን ላይ ነው? ሥራው አልቆመም፤ መንገዱን ቀየረ። ዛሬ በየቅርንጫፉ የሚሆነው ይህ ነው፦ ባለጉዳዩ ይመጣል፣ ጸሐፊዋ ስልኳን ታወጣለች። ስልኳ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ ኪቦርድ አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማለፍ አንድ ጣት ይበቃታል። የባለጉዳዩን ሙሉ ስም፣ የእናቱን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ስልኩን ስልኳ ላይ ትጽፋለች። በቴሌግራም ለራሷ ትልካለች። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራሙን በብራውዘር ትከፍታለች፤ ብራውዘሩ አልተዘጋምና። ገልብጣ ቅጹ ውስጥ ትለጥፋለች። በቀን ምን ያህል ሰው በዚህ መንገድ እንደሚስተናገድ ብታዩ ሰርኩላሩን የፈረመው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሕዝብ መረጃ በግል ስልኮች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል፣ ለጥገና ፒያሳ ይቀራል። ከዓረብኛው ኪቦርድና ከዚህ የትኛው ነበር አደጋው?

ይህን የምንጽፈው እርስ በርሳችን ለመካሰስ አይደለም፤ ስልክ የተጠቀመችው ልጅ እንድትቀጣም አይደለም። ይህ ደብዳቤ ራሱ የተጻፈው በስልክ ነው። ስልኩ እንዲታገድ አዲስ ሰርኩላር ቢወጣ ደግሞ የሚቀረን ብዕር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት ኪቦርድ የመምረጥና የመቀየር ሥልጣን ለተጠቃሚው ይመለስ። ፕሮግራም መጫን ተዘግቶ ይቆይ፣ አንቃወምም። ቋንቋ መቀየር ግን ፕሮግራም መጫን አይደለም። አቋራጩ፣ ማለትም ኦልት ከሺፍት ወይም የዊንዶውስ ቁልፍ ከስፔስ፣ ተመልሶ ይሥራ። በስህተት ይነካል የምትሉ ከሆነ ሁለተኛውን ብቻ ክፈቱልን፤ እሱ በቀላሉ አይነካም። እግረ መንገዳችሁንም ለእያንዳንዱ የፕሮግራም መስኮት የየራሱን ኪቦርድ እንዲያስታውስ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩልን፤ ቅጹ በእንግሊዝኛ፣ ደብዳቤው በአማርኛ ሲሆን ግማሹ ድካም በዚህ ብቻ ይቀላል።

በየቅርንጫፉ የሚያስፈልገው ቋንቋ ይለያያል። ለሐይቅ የሚበቃው ለከሚሴ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጭነት ለሁሉም ከመላክ በፊት ቅርንጫፉ ይጠየቅ። ለአማርኛው ከዊንዶውሱ በተጨማሪ በነፃ የሚገኘውና ፈቃዱ ንጹሕ የሆነው ኪይማን እናንተው መርምራችሁ ጫኑልን፤ ከጓደኛ ፍላሽ የምንገላገለው ያኔ ነው። ለኦሮምኛ ሰነዶች የእንግሊዝኛው አራሚ ይጥፋ፣ ሁድሃም ቀጥ እንዳለች ትቅር። ዐረብኛው ቢያንስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ይመለስ።

የመግቢያው ገጽ ኪቦርድ እንግሊዝኛ ይሁን፤ የተዘጋ ስም የሚከፍት አንድ ሰው በየቅርንጫፉ ይወከል። ኒያላ ይውረድ። የድሮዎቹ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ እስኪሻገሩ ድረስ ማንም ሰው አንዳቸውንም እንዳይሰርዝ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ በዚህ በኩል ሥጋታችን ከፍተኛ ነው፣ «አይከፈትም» ተብሎ መሰረዝ ተጀምሯልና።

የመፈለጊያ ፕሮግራሙ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ እንጠብቃለን። ግን መቼ እንደሚያልቅ ቀን ይነገረን። እስከዚያው በስም አጻጻፍ ምክንያት «ሁለት ፋይል አለህ» ወይም «ፋይል የለህም» የተባለ ባለጉዳይ ሁሉ ጉዳዩ እንደገና ይታይ። ከሚሴ ላይ የተጠየቁት እናት ይቅርታ ይጠየቁ፤ ይቅርታውን በጽሑፍ የምታዘጋጁት ከሆነ በኦሮምኛ ይሁን፤ ለመጻፍ ብትቸገሩ እኛ እንጽፍላችኋለን።

በመጨረሻም አንድ ባለሙያችሁን ላኩልን። ሥልጠና ለመስጠት ሳይሆን፣ መስኮታችን ጀርባ አንድ የገበያ ቀን ሙሉ ተቀምጦ እንዲያይ ነው። ባቲ ሰኞ ነው ገበያው። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ደብዳቤያችን በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሠላምታ ጋር

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በከሚሴ ቅርንጫፎች የምንሠራ ጸሐፊዎችና መረጃ አስገቢዎች

ግልባጭ፦
ለየቅርንጫፉ ኃላፊዎች
ለመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን
በየመስኮቱ ለሚጠብቁ ባለጉዳዮች